ለሕፃናት ክፍል የሚሠራ የድምፅ ፕሮግራም፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

የመነሻ ስብሰባ

የብሮድካስት ድርጅታችን ለበጎ አድራጎት የመደበውን የዓመቱን ገንዘብ በምን ላይ እናውለው የሚለው ጥያቄ ዛሬ ለፕሮዳክሽን ክፍላችን ቀርቧል። አስቀድሞ የተረቀቀው ዕቅድ የተለመደው ዓይነት ነበር፦ አንድ ቀን ተመርጦ ወደ ሆስፒታል ይኬዳል፣ ተኝተው ለሚታከሙ ሕፃናት መጫወቻ ይከፋፈላል፣ ካሜራ ይቀርጻል፣ ማታ በዜና ይተላለፋል። ከዚያ ተለይቶ ደግሞ ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች የገንዘብ ድጋፍ ይደረጋል ይላል። እኔ ያቀረብኩት ሁለቱን የሚያስተሳስር ሌላ አማራጭ ነው፤ ይኸውም አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን በሙያው አሠልጥነን በደመወዝ እንድንቀጥርና እነርሱ ለሕፃናቱ፣ ከሕፃናቱም ጋር ሆነው፣ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ብቻ የሚደመጥ ሳምንታዊ ፕሮግራም እንዲያዘጋጁ ነው። መጫወቻ ማንም ነጋዴ ገዝቶ ሊሰጥ ይችላል። የአየር ሰዓት፣ ስቱዲዮና የአርትዖት ሙያ ግን ያለን እኛ ነን።

ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በሆስፒታል ውስጥ ብቻ የሚደመጥ ሬዲዮ እንግሊዝ ውስጥ ዮርክ ከተማ በ1925 ሥራ ጀምሯል (በዚህ ማስታወሻ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ከዚያ ወዲህም በብዙ ሆስፒታሎች በበጎ ፈቃደኞች ሲሠራ ኖሯል። ብሮድካስተሮች ለሕፃናት ገንዘብ ማሰባሰባቸውም የዚያኑ ያህል ዕድሜ አለው፤ ቢቢሲ በ1927 የገና ዕለት ለሕፃናት ባቀረበው የሬዲዮ ጥሪ ከ1,100 ፓውንድ በላይ አግኝቷል። በኋላ ቴሌቶን የሚባለው የረጅም ሰዓት የቴሌቪዥን ገቢ ማሰባሰቢያ ገነነ፤ ቺሊ በ1978፣ ፈረንሳይ በ1987 የየራሳቸውን ጀመሩ፤ በቺሊው ገንዘብ ለአካል ጉዳተኛ ልጆች የተሃድሶ ማዕከላት ተሠርተዋል። ይህን ጥቅም የሚክድ የለም። ሆኖም ኢቫን ኬምፕ የተባሉ፣ በጡንቻ ሕመም ምክንያት በዊልቸር ይንቀሳቀሱ የነበሩ አሜሪካዊ የሕግ ባለሙያ፣ በ1981 በኒው ዮርክ ታይምስ ባወጡት ጽሑፍ፣ በአገራቸው የነበረው ቴሌቶን አካል ጉዳተኛውን የሚታዘንለት ሕፃን አድርጎ በማሳየት በሥራና በእኩልነት ለመኖር የሚያደርገውን ጥረት ይጎዳል ሲሉ ተሟገቱ። በስብሰባው ላይ ይህን ካነሳሁ በኋላ ክርክሩ ገንዘብ እንስጥ አንስጥ ከሚለው ወጥቶ ማን ከማይኩ ፊት ይቀመጣል ወደሚለው ዞረ፤ ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይኸው ነበር።

አማራጩ ለሙከራ ተፈቅዷል።

ከሆስፒታሉ ጋር

የኢንፌክሽን ቁጥጥር ኃላፊዋ ነርስ ከሁሉ በፊት ዕቃችንን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ እንድንደረድር ጠየቁን። ሪኮርደሩን፣ ገመዱንና ሄድፎኑን አለፍ አለፍ እያሉ ከተመለከቱ በኋላ የማይኩን የስፖንጅ ቆብ አንስተው በሁለት ጣታቸው ጨመቅ አደረጉትና «ይህን በምንድን ነው የምታጸዱት?» አሉ። መልስ አልነበረንም፤ ስፖንጅ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ አልኮል የነካ ጨርቅ ላዩን እንጂ ውስጡን አያገኘውም፤ ከአንዱ ሕፃን ትንፋሽ የተቀበለውንም ለሌላው ያደርሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሕፃን አዲስ ቆብ እንዲወጣና ሕፃኑ ራሱ ወስዶ እንዲያስቀረው ተስማማን። ቆቡ በኋላ የተናጋሪነት ምልክት ሆኖ በየአልጋው ራስጌ ሲንጠለጠል ማየታችን የኢንፌክሽን ቁጥጥር ያልታሰበ ስጦታ ነው።

የሄድፎኖቹ የጨርቅ ትራሶች ወጥተው በሚጠረግ ለስላሳ ሰው ሠራሽ ቆዳ ተተክተዋል። ዕቃ የምንይዝበት የሸራ ቦርሳም በጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን ተለውጧል። ላፕቶፕን በተመለከተ ኃላፊዋ ያነሱት ነጥብ ከቴክኒክ ክፍላችን ማንም ያላሰበው ነው፦ ማቀዝቀዣ ፋን ያለው መሣሪያ አቧራ ስቦ ስለሚያስወጣ፣ በኬሞቴራፒ ምክንያት ነጭ የደም ሴላቸው የወረደ ሕፃናት ወደሚተኙባቸው የተለዩ ክፍሎች መግባት የለበትም። ወደዚያ የሚገባው ፋን የሌለው ታብሌትና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሪኮርደር ብቻ ይሆናል። እጅን በተመለከተም ሳኒታይዘር ሁልጊዜ እንደማይበቃ ተነግሮናል፤ አንዳንድ ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያዎች የሚፈጥሩትን ስፖር (ባክቴሪያው ራሱን የሚጠብቅበት ጠንካራ ሽፋን ያለው ቅርጽ) አልኮል ስለማይገድለው እነዚህ ሕሙማን ካሉበት ክፍል ሲወጣ በውኃና በሳሙና መታጠብ ግድ ነው።

ከሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያው ጋር የነበረው ንግግር አጭር ነበር። ገመድ አልባ ማይክ አይገባም፤ የሕሙማን ሞኒተሮች ራሳቸው በሬዲዮ ሞገድ ስለሚገናኙ ማንም አደጋውን መሸከም አይፈልግም። ማከፋፈያ ገመድ አይዘረጋም፤ ከአልጋ አጠገብ ካለ ሶኬትም ምንም ነገር አይሰካም።

ስቱዲዮውን ማስተካከል

ወጣቶቹን ከመጥራታችን በፊት ስቱዲዮው ሊጠራቸው የሚችል ሆኖ መገኘት ነበረበት። የመግቢያው መወጣጫ ለአንድ እጅ ከፍታ አሥራ ሁለት እጅ ርዝመት ባለው ሒሳብ ተሠርቷል፤ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ለሚሆነው ከፍታ 3.6 ሜትር ተዳፋት ወጥቶለታል። ከዚህ ቀጥ ያለ መወጣጫ ለታይታ ካልሆነ በቀር ዊልቸርን በራሱ ክንድ ለሚገፋ ሰው አይረባም። በማይኩ ጠረጴዛ ዙሪያ ዊልቸር ሙሉ ዙር የሚዞርበት 1.5 ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ተለቅቋል፤ ጠረጴዛውም ጉልበት ከሥሩ እንዲገባ 70 ሴንቲ ሜትር ክፍት ሆኖ እንደገና ተሰቅሏል። ድምፅ እንዳያስገባ ተብሎ የተሠራው ከባድ በር ግን እስካሁን ራስ ምታት ነው። ቀለል ብናደርገው ድምፅ ያስገባል፣ እንዳለ ብንተወው ብቻውን የሚከፍተው የለም። ለጊዜው በአዝራር የሚከፈት ሞተር ተገጥሞለታል፤ ሞተሩ ራሱ ስለሚጮህ ቀረጻ ላይ ሲኮን እንዳይሠራ ቀረጻ መጀመሩን ከሚያመለክተው ቀይ መብራት ጋር ተያይዟል።

ስለ ቀይ መብራቱ ካነሳን፣ ለማያይ ሰው መብራት ምኑም አይደለም። በመሆኑም መብራቱ ሲበራ ከጠረጴዛው ጠርዝ ሥር የተለጠፈች ትንሽ መሣሪያ አንዴ ትንቀጠቀጣለች፤ እጁን ጠረጴዛው ላይ ያሳረፈ ሁሉ፣ ማየትም ሆነ መስማት ባይችል፣ ቀረጻ መጀመሩን ያውቃል። የሚያዩትም ባልደረቦች ከመብራቱ ይልቅ ይህችን መጠበቅ ጀምረዋል። ድምፆችን በሚያቀላቅለው መሣሪያ፣ በሚክሰሩ፣ ማንሸራተቻዎች ላይ የደረቀ የሙጫ ጠብታ አኑረናል፤ ለአቅራቢው ማይክ አንድ፣ ለእንግዳው ሁለት፣ ለሙዚቃ ሦስት።

የእጅ እንቅስቃሴው ውስን ለሆነው፣ ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ላለበት ወጣት የቀረበው መፍትሔ ከሁሉም ርካሹ ነው። ለአካል ጉዳተኞች የሚሠሩ ትልልቅ የመጫኛ አዝራሮች በአብዛኛው የሚጨርሱት በ3.5 ሚሊ ሜትር መሰኪያ ነው፤ መጠኑ ከተለመደው የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ይህን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሣጥን አዝራሩን እንደ አንድ የኪቦርድ ቁልፍ ያስቆጥረዋል። ወጣቱ አዝራሩን በክርኑ ይጫናል፤ የመግቢያው ሙዚቃ ይነሳል፣ ዳግም ሲጫን ቀጣዩ ድምፅ ይከተላል። የፕሮግራሙ የስርጭት ተቆጣጣሪ እርሱ ነው፤ አቅራቢዋ ያለ እርሱ ምልክት አፏን አትከፍትም።

ሥልጠናው

ዓይነ ስውሩ ሠልጣኝ የድምፅ አርታዒ መሆን እንደሚፈልግ ሲናገር ከቴክኒክ ክፍሉ አንዳንዶቹ በዝምታ ተያዩ፤ በስክሪን ላይ የሚታየውን የድምፅ ሞገድ ሳያይ እንዴት ይቆርጣል ማለታቸው ነው። መልሱ ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ ስክሪን ሪደር፣ ማለትም በስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ይህን ፕሮግራም በ2006 የጀመሩት ማይክል ከራን እና የተቀላቀሏቸው ጄምስ ቴ የተባሉ አውስትራሊያውያን ራሳቸው ዓይነ ስውራን ናቸው። ሪፐር ከሚባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ጋር፣ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ኦሳራ በሚባል ተጨማሪ ሶፍትዌር ሲገናኝ፣ ጠቋሚው የት እንዳለ፣ የትኛው ትራክ እንደተመረጠ፣ ስንት ሰከንድ እንደተቆረጠ ሁሉ በድምፅ ይነግራል። ማውስ የሚባል ነገር አይነካም፤ ሁሉም በኪቦርድ ነው። የስክሪን ሪደሩ ንግግር እኛ አንድ ቃል መለየት እስኪያቅተን ድረስ ፈጥኖ ሲሄድ እርሱ ሳይደናገር ይሠራል፤ የንግግሩ ድምፅ ወደ ቅጂው እንዳይገባም በሌላ መውጫ ወደ አንድ ጆሮው ብቻ ይሄድለታል። እኔ የማደንቀው ግን ፍጥነቱን አይደለም። የሚያይ አርታዒ ትንፋሽን በዓይኑ ለይቶ ስለሚቆርጥ ንግግሩ ብዙ ጊዜ የተቀጠፈ ይሆናል፤ ይህ ልጅ የሚቆርጠው በጆሮው ብቻ ስለሆነ የሕፃን ንግግር ከነማመንታቱ ሳይጎሳቆል ይወጣል።

መስማት የተሳናት ሠልጣኝ ደግሞ ገና ከጅምሩ ዕቅዱን አስቀየረችን። የድምፅ ፕሮግራም ብቻ ከሆነ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት ምን ሊደርሳቸው ነው ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ትክክል ስለነበር ከድምፁ ጎን አጭር የምስል ቅጂ እንዲኖር ተወስኗል። እኛ ያሰብነው አስተርጓሚን በስክሪኑ ጥግ ማስቀመጥ ነበር፤ በእንግሊዝ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ መመሪያም አስተርጓሚው ከስክሪኑ አንድ ስድስተኛ ያላነሰ ቦታ እንዲይዝ ሲመክር ቆይቷል። እርሷ ግን አንድ ስድስተኛውን አልተቀበለችም፤ ለልጆች የሚነገር ተረት በጥግ ሣጥን አይነገርም ብላ ሙሉውን ስክሪን ያዘች፤ ጀርባዋ ወጥ ቀለም ያለው፣ ልብሷም ከእጇ ቆዳ ጋር የማይመሳሰል እንዲሆን ራሷ መረጠች። በዚህ ቅጂ ተራኪዋ እርሷ ናት፤ የሚተረጎመው የእርሷ ምልክት በድምፅ ነው።

በምስሉ ሥራ ላይ አንድ የማናልፈው ገደብ አለ። በ1997 ጃፓን ውስጥ በቴሌቪዥን በተላለፈ የካርቱን ፕሮግራም ላይ በፍጥነት የተፈራረቀ የቀይና የሰማያዊ ብልጭታ 700 የሚጠጉ ተመልካቾችን፣ አብዛኞቹን ሕፃናት፣ ሆስፒታል አስገብቷል። በብርሃን የሚቀሰቀስ የሚጥል በሽታ በልጆችና በአፍላ ወጣቶች ላይ ስለሚበዛ፣ በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ብልጭ የሚል ምስል ከእኛ አይወጣም።

ፈቃድ

የሕግ ክፍሉ ያዘጋጀው የወላጅ ፈቃድ ቅጽ አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አይደለም። በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ሕፃኑ በራሱ ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽና ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው መብት ይሰጠዋል። በመሆኑም ወላጅ ቢፈርምም ሕፃኑ ራሱ ካልፈለገ ማይኩ አይከፈትም። ለእያንዳንዱ አንድ ቀይ ካርድ ይሰጠዋል፤ ካርዱን ከገለበጠው ቀረጻው ያለ አንዳች ጥያቄ ይቆማል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፣ አይባበልም። በሆስፒታል የተኛ ሕፃን መርፌውንም፣ ምርመራውንም እምቢ ማለት አይችልም። እምቢ የሚለው አንድ ነገር ቢኖረው ጥሩ ነው።

በአየር ላይ የሚውለው ስም ሕፃኑ የመረጠው ነው፤ አንበሳ የሚባልም አለ፣ ዶክተር የሚባልም አለ። የአልጋ ቁጥር፣ የክፍል ስም፣ የበሽታ ዓይነት አይነሳም፤ አቅራቢዎቹ «ምን ሆነህ ነው?» ብለው እንዳይጠይቁ ተስማምተናል። ሕፃኑ ራሱ ካነሳው ይሰማል፤ ይቆይ ይውጣ የሚለውን ግን ከወላጁና ከነርሷ ጋር ሆነን እንወስናለን። ሕፃኑ ከሆስፒታል ሲወጣ ቅጂው ለቤተሰቡ ይሰጣል፤ ከእኛ ዘንድ እንዲጠፋ ከፈለጉም ይጠፋል።

የመጀመሪያው ቀረጻ

ጠዋት የሐኪሞች ዙር ካለቀ በኋላ ገባን። የመጀመሪያው ተናጋሪ በቀኝ እጁ ግሉኮስ የተሰካለት ልጅ ስለነበር ማይክ መያዝ አልቻለም፤ ሪኮርደሩ ከምግብ ማቅረቢያው ጠረጴዛ ላይ፣ የጠረጴዛው ንቅናቄ እንዳይሰማ በታጠፈ ፎጣ ላይ ተቀመጠ። አቅራቢዋ ዊልቸሯን ከአልጋው ጎን አስጠጋች። ልጁ ማይኩን ትቶ የዊልቸሩን ፍሬን ተመለከተና «እትዬ፣ ይሄ ነገር ስንት ይሮጣል?» አላት። ከዚያ በኋላ ያዘጋጀነው ጥያቄ ሁሉ ቀረ፤ እርሱ ጠየቀ፣ እርሷ መለሰች፤ ቁልቁለት ላይ ምን እንደምታደርግ፣ ዝናብ ሲዘንብ ጎማው እጇን ያቆሽሸው እንደሆነ፣ ስትተኛ የት እንደምታቆመው ሁሉ። ይህ ልውውጥ በከፊል ተቆርጦ የመጀመሪያው ፕሮግራም መክፈቻ ሆኗል።

ከሌሎቹ ሕፃናት ጋር የተሠራው «የምን ድምፅ ነው?» የሚል የግምት ጨዋታ ነው። ድምፆቹን የሰበሰቡት ራሳቸው ናቸው፦ የመድኃኒት ጋሪው የሚያንቋርር ጎማ፣ ጓንት ሲጠለቅ ጧ የሚለው፣ የመርፌ ማሸጊያ ወረቀት ሲቀደድ፣ የደም ግፊት መለኪያው አየር ሲለቅ። ወረቀቱ ሲቀደድ መስማት ብቻ የሚያስለቅሳት አንዲት ትንሽ ልጅ፣ ራሷ እየቀደደች ደጋግማ ስትቀርጸው ውላለች። ሕፃናት የሚያስፈራቸውን ዕቃ በጨዋታ እንዲለምዱ ማድረግ በሆስፒታሎች የታወቀ ሙያ ነው፤ ኤማ ፕላንክ በክሊቭላንድ በ1955 ይህን ሥራ በመደበኛ ክፍል ደረጃ አደራጅተዋል። እኛ ሐኪሞች ስላልሆንን ፈውስ አድርገን አናወራውም፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሠሩት የጨዋታ ባለሙያ ባሉበት ብቻ እንቀርጻለን።

ከስርጭት በፊት ማዳመጥ

የክፍሉ ሲስተሮች ቅጂውን ቀድመው እንዲሰሙት ማድረጋችን ዋጋ አስገኝቷል። ከጨዋታው ድምፆች መካከል በደም ሥር የሚሰጠውን ግሉኮስ የሚቆጣጠረው መሣሪያ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ነበረበት፤ አንዷ ሲስተር ገና ሲጀምር ከወንበሯ ተነሳች። ይህ ድምፅ ከድምፅ ማጉያ ቢወጣ ነርሶች ያለ ምክንያት ይሮጣሉ፤ ሲደጋገም ደግሞ እውነተኛው ሲጮህ ችላ ማለት ይመጣል። ማንኛውም የማስጠንቀቂያ ድምፅ ከፕሮግራሙ ወጥቷል፤ ሕፃናቱ በአፋቸው ካስመሰሉት ግን ይፈቀዳል፣ በእኔ ፍርድ ከመጀመሪያውም ይልቅ ያስቃል።

የድምፅ መጠን ላይ ብዙ ጊዜ ወስደናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው መመሪያ በሆስፒታል የሕሙማን ክፍል ውስጥ አማካይ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ይህ ሹክሹክታ ማለት ነው፤ በተግባር የትኛውም የተጨናነቀ ክፍል አይደርስበትም፤ እኛ ግን ጨማሪ መሆን የለብንም። ስለዚህ ዋናው ማዳመጫ ሄድፎን ነው፤ ድምፁም የጤና ድርጅቱ ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር ለሕፃናት ያስቀመጠውን፣ በሳምንት ለ40 ሰዓት 75 ዴሲቤል የሚለውን ልክ እንዳያልፍ ተገድቧል። አርታዒው በንግግሩና በሙዚቃው መካከል ያለውን የድምፅ ልዩነት አጥብቧል፤ ሹክ የሚል ሕፃን ለመስማት ድምፁን ከፍ ያደረገ ልጅ ሙዚቃው ሲመጣ መደንገጥ የለበትም።

ከሕዝብ ግንኙነት ክፍል ጋር የተደረገ ክርክር

የሚጠበቀው ጥያቄ ዛሬ መጣ፦ ይህን ሁሉ ከሠራን ለሕዝብ የምናሳየው ምስል የታለ? የሕፃናቱን ፊት፣ የድርጅቱ ዓርማ ያለበትን ቲሸርት፣ የሚያለቅስ ወላጅ ፈልገው ነበር። ካሜራ በሆስፒታል ውስጥ ጥሩ ነገር ሊሠራ እንደሚችል አልካድኩም። የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያው ጄምስ ሮበርትሰን አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ያለ እናቷ ሆስፒታል ስትሰነብት ቀርጸው በ1952 ያወጡት ፊልም፣ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳያስታምሙ የሚከለክለው የእንግሊዝ የጉብኝት ሥርዓት እንዲለወጥ ከገፋፉት አንዱ ነው፤ በሆስፒታል ስለሚታከሙ ሕፃናት ደኅንነት በ1959 የወጣው የፕላት ሪፖርትም የወላጆች ጉብኝት እንዳይገደብ አሳስቧል። ያ ካሜራ ግን ለሕፃኗ ጥብቅና ቆመ እንጂ ዓርማ አላስተዋወቀም። ስምምነቱ በዚህ ተቋጭቷል፦ ለሕዝብ የሚወጣው የወጣቶቹ የስቱዲዮ ሥራ ነው፣ በሙያ ማዕረጋቸው ተጠርተው፣ የእነርሱ ፈቃድ ካለበት ብቻ፤ ከሕሙማን ክፍል ምንም ምስል አይወጣም።

ስፖንሰርም መጥቶ ነበር፤ የጨቅላ ሕፃናት ወተት የሚሸጥ ኩባንያ። ይህ ብዙ አላከራከረንም። በ1981 የጸደቀው የእናት ጡት ወተት ተተኪዎች የግብይት ዓለም አቀፍ ደንብ የጤና ተቋማት ለእንዲህ ያለ ምርት ማስተዋወቂያ እንዳይውሉ ስለሚከለክል በምስጋና ተመልሷል።

የበጀት መዝገብ

ሙከራው ታይቶ እንዲቀጥል ተወስኗል። እኔ ከሁሉ የፈለግኩት ግን ወጪው የሚመዘገብበት አምድ እንዲለወጥ ነው። በበጎ አድራጎት ሥር የተመዘገበ ሥራ ገቢ በቀነሰበት ዓመት መጀመሪያ የሚሰረዘው እርሱ ነው፤ በፕሮዳክሽን ሥር የተመዘገበ ግን እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ሠራተኛ፣ የዓመት ፈቃድና የመሣሪያ ምትክ አለው። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 27 የሚያወራውም ከሌሎች ጋር በእኩልነት ስለሚሠራ ሥራና ስለ እኩል ክፍያ ነው። የፋይናንስ ክፍሉ መጀመሪያ አንገራግሮ ነበር፤ በግብር ሒሳብ ስጦታ ተብሎ ቢያዝ ይሻላል የሚል ነው ምክንያቱ። ዛሬ ግን የአርታዒው፣ የስርጭት ተቆጣጣሪው፣ የአቅራቢዋና የምስል አዘጋጇ ደመወዝ ወደ ፕሮዳክሽን ክፍል መደብ ተዛውሯል። መሣሪያው ብቻ በበጎ አድራጎት ሥር ቆይቷል።

በአዲሱ መደብ የተጠየቀው የመጀመሪያ ግዢ የስቱዲዮውን በር የሚመለከት ነው፤ ድምፅ የማያሰማ ሞተር፣ ካልተገኘም ሁለተኛ በርና በመካከሉ ዊልቸር የሚያቆም መሸጋገሪያ። የቴክኒክ ክፍሉ የሁለቱን ዋጋ እያነጻጸረ ነው።